የአለርጂ ክኒን ከመዋጥዎ በፊትና ከዋጡት በኋላ፦ ለደብረ ሲናና ለአካባቢዋ ነዋሪ

መስከረም ላይ ሜዳው አደይ ሲለብስ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ በየአውድማው እብቅና ገለባ ሲነሳ፣ ደብረ ሲና ውስጥ ወደ መድኃኒት ቤት የሚገባው ሰው ጥያቄ ይመሳሰላል። «ማስነጠሱ አላስቆም አለኝ፣ ዓይኔን በላኝ፣ የአለርጂ ክኒን ስጡኝ» ይላል። ክኒኑ ብዙም ውድ አይደለም፤ በቀላሉ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜም ያሽላል። ግን ርካሽና የተለመደ በመሆኑ ሰው እንደ መድኃኒት መቁጠሩን ይተዋል። ጎረቤት ከጎረቤት ይበዳደረዋል፤ እናት ለራሷ የታዘዘላትን ግማሽ አድርጋ ለልጇ ትሰጣለች፤ ሹፌር መሪ ከመያዙ በፊት ይውጠዋል። በተለይ የመጨረሻው፣ ከጣርማ በር ቁልቁል በጉምና በጠመዝማዛ መንገድ ለሚወርድ ሰው፣ ሕይወት የሚያስከፍል ስህተት ነው።

ወደ ደረጃዎቹ ከመግባታችን በፊት ክኒኑ ምን እንደሚሠራ ይወቁ፤ ቀጥሎ ያለው ጥንቃቄ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። ሰውነታችን አቧራን ወይም የአበባ ብናኝን እንደ ጠላት ሲቆጥር ሂስታሚን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃል። የሚያሳክከው፣ የሚያስነጥሰው፣ የአፍንጫ ውኃ የሚያወርደው በአብዛኛው እሱ ነው። ፀረ ሂስታሚን መድኃኒቶች ሂስታሚን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድመው ይይዛሉ። ይኸው ሂስታሚን ግን አንጎል ውስጥ ሰውን ነቅቶ የማቆየት ሥራም አለው። ወደ አንጎል የሚዘልቀው የክኒን ዓይነት ይህንንም ስለሚያግድ ድብታና እንቅልፍ ያመጣል።

1. የያዘዎት በእርግጥ አለርጂ መሆኑን ይለዩ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው። አለርጂ ከሆነ በተከታታይ ያስነጥሳል፣ ከአፍንጫ የሚወርደው እንደ ውኃ ጥርት ያለ ነው፣ ዓይን፣ አፍንጫና ላንቃ ያሳክካል፤ ትኩሳት ግን የለም። ደግሞም ምክንያት አለው፤ አውድማ ሲውሉ፣ የከረመ ባና ወይም ብርድ ልብስ ሲያራግፉ፣ ከብት ሲያጥቡ ይብሳል፤ ከዚያ ሲርቁ ይሻላል። ትኩሳት፣ ቁርጥማትና የጉሮሮ ሕመም ካለ ግን ጉንፋን ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ነው። የአለርጂ ክኒን ያን አያድንም።

ሁለት ነገሮች እዚህ አገር ሰውን ያሳስታሉ። አንደኛው ጭስ ነው። ደብረ ሲና መንገድ ዳር ለመንገደኛ የሚሸጠውን ቆሎ ስትቆላ የምትውል ሴት፣ ወይም በኩበት የምትጋግር እናት፣ ዓይኗ ቢያለቅስና ቢቀላ ጭሱ ራሱ ስለቆጠቆጣት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ምጣዱን ወደ ደጅ ማውጣት፣ መስኮት መክፈትና የጭስ መውጫ ማበጀት ከክኒን ይሻላል። ሁለተኛው አስም ነው። ደረት ሲጨንቅ፣ ትንፋሽ ሲያጥርና ሲያፏጭ፣ ሌሊት ሳል ሲቀሰቅስ፣ ጉዳዩ የሳንባ ቧንቧ ነው። የአለርጂ ክኒን የአስምን ጥቃት አያቆምም። አስም ያለበት ሰው የሚነፋ መድኃኒቱን ትቶ በክኒን ሊወጣው ቢሞክር ጊዜውን ያባክናል፤ በአስም ደግሞ የባከነ ጊዜ አደገኛ ነው።

2. መድኃኒት ቤት ሲሄዱ ስለ ራስዎ ይንገሩ

ከፋርማሲ ባለሙያው ፊት ሲቆሙ የክኒኑን ስም ከመጥራትዎ በፊት ስለ ሰውየው ይናገሩ። ለሌላ ሰው የሚገዙ ከሆነማ ይህ የግድ ነው። ጥሩ ንግግር እንዲህ ይመስላል፦

«እትዬ፣ መድኃኒቱ ለማን ነው?»

«ለባለቤቴ ነው ልጄ፤ ገለባ ሲጭን ውሎ ዓይኑም አፍንጫውም አላስቀምጥ አለው።»

«ሥራቸው ምንድን ነው?»

«ሹፌር ነው፤ ሌሊት ወደ ኮምቦልቻ ይወጣል።»

«እንግዲያው ይህን አልሰጥዎትም፤ እንቅልፍ ያመጣል። ሌላ አለ። ደም ብዛት፣ ኩላሊት ወይም የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት አለ?»

ባለሙያው ካልጠየቀዎት እርስዎ ቀድመው ይንገሩ። የሚከተሉት ካሉብዎት በተለይ አይደብቁ፤ የዓይን ግፊት (ግላኮማ)፣ የፕሮስቴት እብጠት ወይም ሽንት የመቋጠር ችግር፣ የሚጥል በሽታ፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም፣ እርግዝና፣ ጡት ማጥባት። የድሮዎቹ የአለርጂ ክኒኖች የዓይን ግፊትን ሊያብሱ ይችላሉ፤ ፕሮስቴቱ ያበጠበትን ሰው ሽንቱን ጨርሰው ሊዘጉት ይችላሉ። ሽማግሌ አባትዎ ለአፍንጫው ክኒን ወስዶ ሌሊቱን ሽንት ዘግቶት ቢያድር ማንም የአለርጂ ክኒኑን አይጠረጥር ይሆናል፤ ስለዚህ እርስዎ ይጠርጥሩ። ሴትሪዚን የሚባለው የአለርጂ ክኒን በብዛት የሚወጣው በኩላሊት በኩል ስለሆነ ኩላሊቱ የደከመ ሰው መጠኑ እንዲቀነስለት ያስፈልጋል።

3. የክኒኑን ወገን ይለዩ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ይህን ይያዙ። በመድኃኒት ቤቶቻችን የሚገኙት የአለርጂ ክኒኖች ሁለት ወገን ናቸው።

የመጀመሪያው ወገን የድሮዎቹና እንቅልፍ የሚያመጡት ናቸው፤ ክሎርፌኒራሚን፣ ፕሮሜታዚን፣ ዲፌንሃይድራሚን፣ ሳይፕሮሄፕታዲን። ወደ አንጎል ይዘልቃሉ። ያፈዛሉ፣ አፍ ያደርቃሉ፣ ሆድ ያደርቃሉ፣ ዓይን ያደበዝዛሉ። ክሎርፌኒራሚን ለአዋቂ በአንድ ጊዜ 4 ሚሊ ግራም ሲሆን ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሳይሞላ አይደገምም፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ24 ሚሊ ግራም አይበልጥም። የማሳከክ ማስታገሻነቱ በጥቂት ሰዓታት ቢያልቅም መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይቆያል፤ የዋጡት ግማሹ ተወግዶ እስኪያልቅ ወደ 20 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ማታ የዋጠ ሰው ጠዋት ጭንቅላቱ የሚከብደው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ወገን አዲሶቹ ናቸው፤ ሎራታዲንና ሴትሪዚን። ሁለቱም ለአዋቂ 10 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይወሰዳሉ፤ አንዱ ክኒን ቀኑንም ሌሊቱንም ይይዛል። ወደ አንጎል የሚዘልቁት ጥቂት ነው። ግን «አያስተኛም» ሲባሉ ፈጽሞ ማለት አይደለም፤ በተለይ ሴትሪዚን። አዋቂዎች 10 ሚሊ ግራም ወስደው በተፈተኑበት ጥናት ከ100 ሰው 14 ያህሉን እንቅልፍ እንቅልፍ ብሏቸዋል፤ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከተሰጣቸው ግን 6 ያህሉን ብቻ ነው። ሎራታዲን ላይ ቁጥሩ 8 ነበር። ስለዚህ ሹፌር፣ የማሽን ሠራተኛ፣ ፈተና ያለበት ተማሪ አስቀድሞ ሎራታዲንን ይጠይቅ። ሴትሪዚን የሚወስድ ደግሞ ማታ ይውሰደው።

ሳይፕሮሄፕታዲንን ለይቼ ላንሳው። የምግብ ፍላጎት ስለሚከፍት ሰዎች ለመወፈር ይወስዱታል፤ ሰርግ የደረሰላት ልጅም ጓደኞቿ ይመክሯታል። እሱም እንቅልፍ የሚያመጣ የአለርጂ ክኒን ነው። አንዳንዴ ዴክሳሜታዞን ከሚባለው የስቴሮይድ ክኒን ጋር ይሰጣል፤ ዴክሳሜታዞን ያለ ሐኪም ክትትል ሲወሰድ ስኳርን፣ የደም ግፊትንና አጥንትን ይጎዳል፤ ፊትም ያሳብጣል። ስም ሳይጻፍበት በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሰጥ የተደባለቀ ክኒን ከማንም እጅ አይቀበሉ፤ «አለርጂን ድራሹን ያጠፋል» ቢባልልዎትም።

4. ማሸጊያውን አንብበው ይረከቡ

ይህ ደረጃ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሦስት ነገሮችን ይመልከቱ።

የመጀመሪያው ከንግድ ስሙ ሥር በትንሹ የተጻፈው የመድኃኒቱ ትክክለኛ ስም ነው። አንድ ዓይነት መድኃኒት በብዙ የንግድ ስም ይመጣል፤ ዚርቴክ ያለውም ሌላ ስም ያለውም ውስጡ ሴትሪዚን ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የጉንፋን ክኒን ላይ ነው። ብዙ የጉንፋን ክኒኖች ፓራሲታሞልን ከክሎርፌኒራሚን ጋር አጣምረው ይይዛሉ። የሳል ሽሮፕም ዲፌንሃይድራሚን ሊኖረው ይችላል። ጠዋት የአለርጂ ክኒን፣ ቀን የጉንፋን ክኒን፣ ማታ የሳል ሽሮፕ የወሰደ ሰው ሳያውቀው የአንድ ቤተሰብ መድኃኒት ሦስት ጊዜ ወስዷል። የጉንፋኑ ክኒን ውስጥ ሱዶኤፌድሪን ካለበት ደግሞ ደም ብዛት ላለበት ሰው አይሆንም።

ሁለተኛው ማብቂያ ቀኑ ነው። ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አይርሱ። 06/2026 የሚል ክኒን የሚያበቃው በእኛ ሰኔ 23 ቀን 2018 ነው። ቁጥሩን በእኛ አቆጣጠር ያነበበ ሰው ክኒኑ ገና ብዙ ዓመት ያለው ይመስለዋል። ማሸጊያው ላይ ወሩ ከ01 እስከ 08 ከሆነ 8 ዓመት፣ ከ09 እስከ 12 ከሆነ 7 ዓመት ይቀንሱ፤ ካምታታዎት ባለሙያው በአማርኛ እንዲጽፍልዎት ይጠይቁ። ክኒን በፍሬ ሲገዛ ደግሞ ማሸጊያው ተቆርጦ ይሰጣል፤ ቀኑ የታተመበት ጫፍ መድኃኒት ቤቱ ጋ ይቀራል። ሳይፈሩ «ጫፉን አሳዩኝ» ይበሉና ስሙን፣ መጠኑንና ማብቂያውን በወረቀት ይዘው ይሂዱ።

ሦስተኛው የሚገዙበት ቦታ ነው። ፈቃድ ካለው ፋርማሲ ወይም መድኃኒት መደብር ብቻ ይግዙ፤ ከገበያ ላይ መደብና ከሱቅ አይግዙ። ሽሮፕ ላይ ይህ ከክኒንም ይበልጥ ያሳስባል። በ2022 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ጤና ድርጅት ጋምቢያ ውስጥ ስለተገኙ አራት የልጆች ሽሮፖች ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ አንዱ የፕሮሜታዚን ሽሮፕ ነበር፤ ኩላሊት የሚገድል ኬሚካል ተገኝቶባቸው ነበር። የብዙ ሕፃናት ሞትም ከእነዚያ ሽሮፖች ጋር ተያይዟል።

5. የመጀመሪያዋን ክኒን ቤትዎ ሆነው ይሞክሩ

አዲስ ክኒን ሰውነትዎ እንዴት እንደሚቀበለው አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። አንዱን ቀኑን ሙሉ ንቁ የሚያደርገው ሌላውን ያፈዝዘዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ክኒን ጉዞ በሌለበት ቀን፣ ማታ፣ እራት ከበሉ በኋላ ወይም ከመተኛትዎ በፊት ይውሰዱ፤ በማግስቱ እስከ ረፋድ ራስዎን ይከታተሉ። ሎራታዲንና ሴትሪዚን ምግብ ቢበሉም ባይበሉም ይወሰዳሉ። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚወሰዱም ጾም የያዘ ሰው ቀን መዋጥ ሳያስፈልገው ማታ ወስዶ ሊውል ይችላል።

ክኒኑን በንጹሕ ውኃ ይዋጡ። ሴትሪዚን በአንድ ሰዓት ውስጥ መሥራት ይጀምራል፤ ሎራታዲን እስከ ሦስት ሰዓት ሊወስድ ይችላል። አልሠራም ብለው ሁለተኛ አይጨምሩ፤ ይህ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። መጠኑን ማብዛት እንቅልፉን ያበዛዋል እንጂ ጥቅሙን እምብዛም አያሳድገውም። አንድ ቀን ቢረሱም በማግስቱ ሁለት አይውሰዱ። ደግሞም ሁለት የተለያዩ የአለርጂ ክኒኖችን ሐኪም ሳያዝ ደርበው አይዋጡ።

አቧራ እንደሚጠብቅዎት ካወቁ ከመውቃትዎ በፊት ባለው ማታ መውሰድ ይሻላል፤ ክኒኑ ሂስታሚን ከመድረሱ በፊት ቦታውን ሲይዝ የበለጠ ይረዳል። አፍና አፍንጫን በነጠላ ወይም በማስክ መሸፈን፣ ከነፋሱ በላይ መቆም፣ ማታ ታጥቦ ልብስ መቀየር ግን ክኒኑ ቢኖርም አይቀርም።

6. መሪ፣ መሰላልና ማሽን ላይ አይውጡ

ደብረ ሲና ከጣርማ በር ሥር ያለች ከተማ ናት። አናቱ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ነው፤ ቁልቁል ያለችው ሸዋ ሮቢት ግን 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአዲስ አበባ ደሴ ዋና መንገድ በዚህ መካከል ያልፋል። ሹፌሩ ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነስቶ፣ በጉም ውስጥ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ጠመዝማዛውን ወርዶ ወደ ቆላው ሙቀት ይገባል። ሙቀት ራሱ እንቅልፍ ያመጣል። እንቅልፍ የሚያመጣ ክኒን ሲጨመርበት ሰው ዓይኑን ሳይጨፍን እንኳ ይፈዛል፤ ከፊቱ ያለውን ኩርባ ያየዋል፣ እግሩ ግን ፍሬን ላይ ዘግይቶ ይደርሳል።

በዚህ ላይ ሦስት አጥብቄ የምናገራቸው ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው፣ «እንቅልፍ አልመጣብኝም» የሚለው ስሜት ማረጋገጫ አይሆንም። የድሮዎቹ ክኒኖች ሰውዬው ድብታው ሳይታወቀው የእጁንና የዓይኑን ፍጥነት ይቀንሳሉ። የደከመ ሰው ድካሙን መለካት ያቅተዋል።

ሁለተኛው፣ ማታ ተውጦ ጠዋት መንዳትም ያሠጋል። ማታ 4 ሰዓት ላይ ክሎርፌኒራሚን ወይም ፕሮሜታዚን የወሰደ ሹፌር ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ መሪ ቢይዝ ያለፈው ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። መድኃኒቱ ገና አብሮት ነው። የማለዳ ጉዞ ያለበት ሰው እነዚህን ክኒኖች በዋዜማው ጨርሶ አይንካ።

ሦስተኛው፣ ቡናና ጫት መፍትሔ አይሆኑም። ሹፌሮች ድብታውን በጫት ለመግፋት ይሞክራሉ። ጫቱ ለጥቂት ሰዓት ያነቃ ይመስላል፤ ኃይሉ ሲያልቅ ግን ድካሙና መድኃኒቱ አብረው ይመጣሉ፤ ያውም ብዙ ጊዜ ሌሊት፣ መንገድ ላይ። መንዳት ያለበት ሰው ያልተኛበትን እንቅልፍ በምንም አይተካውም፤ መኪናውን አቁሞ ይተኛ ወይም ለረዳቱ ሳይሆን ሙሉ ፈቃድ ላለው ሹፌር ይስጥ።

ሹፌር ባይሆኑም ይህ ይመለከትዎታል። የመውቂያ ማሽን የሚመግብ፣ ጣሪያ ላይ የሚወጣ፣ ባህር ዛፍ የሚቆርጥ፣ በሞተር ብስክሌት የሚሄድ፣ በገደል አፋፍ በበቅሎ የሚወጣ ሰው እንቅልፍ የሚያመጣ ክኒን ወስዶ ሥራ አይግባ። ተሳፋሪ ከሆኑና ሹፌሩ የፈዘዘ ከመሰለዎት በመስተዋት ፊቱን ይመልከቱ፤ «ጋሼ፣ ትንሽ ብናርፍ» ብሎ መናገር ነውር አይደለም።

7. ከምን ጋር እንደማይወሰድ ይወቁ

አረቄ፣ ጠጅ፣ ጠላና ቢራ ከእነዚህ ክኒኖች ጋር አይቀላቀሉም። ሁለቱም አንጎልን ያቀዘቅዛሉ፤ ሲደመሩ አንድ መለኪያ አረቄም ከወትሮው ይበልጥ ሊጥል ይችላል። የጥምቀት ወይም የሠርግ ድግስ ካለብዎት ክኒኑን ይተዉ ወይም መጠጡን ይተዉ።

መድኃኒቶችም አሉ። ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል የሚወስድ፣ ለጭንቀት ዳያዜፓም፣ ለሕመም ትራማዶል ወይም ኮዴይን፣ ለእንቅልፍ ወይም ለነርቭ አሚትሪፕቲሊን የሚወስድ ሰው እንቅልፍ የሚያመጣ የአለርጂ ክኒን ቢጨምር ትንፋሹ እስኪዘገይ ሊፈዝ ይችላል። የሚወስዱትን ክኒን ሁሉ ማሸጊያውን ይዘው ለባለሙያው ያሳዩ፤ በቃል «ነጯ ክኒን» ማለት አይበቃም።

8. ልጆች፣ ነፍሰ ጡሮችና አረጋውያን

ፕሮሜታዚን ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን በፍጹም አይሰጥም። በዚህ ዕድሜ ትንፋሽን ሊያቆም እንደሚችል የታወቀ ነው፤ ያለፉ ሞቶችም አሉ። ልጅን «ተኝቶ እንዲያድር» ብሎ የአለርጂ ሽሮፕ መስጠት ምንም በጎ ምክንያት የሌለው አደጋ ነው፤ በረጅም የአውቶቡስ ጉዞም ቢሆን።

ከሁለት ዓመት በላይ ላለ ልጅ መጠኑን ባለሙያ በዕድሜና በክብደት ይወስነው፤ የአዋቂ ክኒን ሰብሮ ማካፈል ልክ አይሰጥም። ሽሮፕ ሲሰጡ የሻይ ማንኪያ አይጠቀሙ፤ ከቤት ቤት ይለያያል። ከሽሮፑ ጋር የሚመጣውን የመለኪያ ክዳን ወይም መርፌ የሌለውን ሲሪንጅ ይጠይቁና በሚሊ ሊትር ይለኩ። ሲሰጡ ደግሞ ሰዓቱን ግድግዳ ላይ ይጻፉ፤ አባት ሰጥቶ እናት እንደገና እንዳትሰጥ።

ነፍሰ ጡር እናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ያለ ሐኪም ወይም አዋላጅ ነርስ ምክር ምንም አትውሰድ። የምታጠባ እናት ሎራታዲንን ትጠይቅ፤ እንቅልፍ የሚያመጡት ሕፃኑንም ያፈዛሉ፣ ወተትም ሊቀንሱ ይችላሉ።

ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ለሆኑ አባቶችና እናቶች የድሮዎቹን ክኒኖች አይስጡ። ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ይወድቃሉ፤ ይህ በየቤቱ የሚታይ ነው። ግራ መጋባትና መቃዠትም ያመጣል፤ ቤተሰብ «ማርጀታቸው ነው» ብሎ ያልፈዋል።

9. ክኒን የማይበቃበትን ሰዓት ይወቁ

ንብ ከነደፈው፣ መርፌ ከተወጋ ወይም አዲስ ምግብና መድኃኒት ከቀመሰ በኋላ ከደቂቃዎች ጀምሮ ከንፈሩ ወይም ምላሱ ያበጠ፣ ድምፁ የተዘጋ፣ ትንፋሽ ያጠረው፣ መላ ሰውነቱን ሽፍታ የወረረው፣ ያስታወከው ወይም ራሱን የሳተ ሰው ሲያዩ የአለርጂ ክኒን አያስቡ። ክኒኑ ለመሥራት አንድ ሰዓት ይፈልጋል፤ ይህ ሰው ያን ያህል ጊዜ የለውም። መድኃኒቱ አድሬናሊን ነው፤ ታፋ ላይ በመርፌ የሚሰጠው በጤና ባለሙያ ነው።

ወዲያውኑ ተሽከርካሪ ፈልገው ወደሚቀርብዎት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይውሰዱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ የወረዳዎን አምቡላንስ ቁጥር ግን ዛሬውኑ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ተቀብለው ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ። እስኪደርሱ ድረስ ሰውየውን ያስተኙና እግሩን ከፍ ያድርጉ፤ ትንፋሽ ካጠረው ደግፈው ያስቀምጡት፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች በግራ ጎኗ ትተኛ። ድንገት አያስነሱት፤ አያራምዱት። የተሻለው መስሎ ቢታይ እንኳ ወደ ቤት አይመልሱት፤ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ክትትል ውስጥ መቆየት አለበት። እንዲህ የሆነበት ሰው ቀስቃሹን ነገር ስሙን በወረቀት ይዞ ይኑር፤ ለሚያክመው ሁሉ ያሳይ።

ለቀላል ማሳከክ ግን መርፌ አይጠይቁ። ፕሮሜታዚን በመርፌ በአግባቡ ሳይሰጥ ሲቀር ሥጋና ደም ሥርን ይጎዳል፤ ክኒን ለሚበቃው ሕመም ይህን አደጋ መግዛት አያስፈልግም።

10. እስከ መቼ እንደሚወስዱና የት እንደሚያስቀምጡት

አንድ ሳምንት ወስደው ካልተሻለዎት ክኒኑን አይለዋውጡ፤ ይመርመሩ። የሚያፏጭ ትንፋሽ፣ ከአንድ አፍንጫ ብቻ የሚወርድ መግል፣ የፊት ሕመም፣ ወራት የቆየ ሽፍታ ካለ ደብረ ብርሃን ሐኪም ግዛው ሆስፒታል ሄዶ ስፔሻሊስት መታየት ያስፈልጋል። ዘወትር አፍንጫው ለሚዘጋ ሰው ከክኒን ይልቅ በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት ይሻለው ይሆናል፤ ስለሱ ይጠይቁ።

ሴትሪዚንን ለወራት ወይም ለዓመታት በየቀኑ ሲወስዱ ቆይተው ድንገት ካቆሙ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ከባድ ማሳከክ ሊመጣ ይችላል። አልፎ አልፎ የሚከሰት ነው፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2025 (እ.ኤ.አ.) ስለዚህ አስጠንቅቋል። እንዲህ ከገጠመዎት አዲስ በሽታ ያዘኝ ብለው አይደንግጡ፤ ሐኪም ቀስ በቀስ እንዲያስተውዎት ያማክሩ።

ክኒኑን ከነማሸጊያው፣ ከምድጃና ከእርጥበት ርቆ፣ ልጅ በማይደርስበት ከፍታ ያስቀምጡ። ከረሜላ ነው ብለው ልጅን አያባብሉበት። ልጅ ብዙ ክኒን ከዋጠ ፊቱ ይቀላል፣ ገላው ይግላል፣ አፉ ይደርቃል፣ ይቁነጠነጣል ወይም ይፈዛል፣ ይንቀጠቀጣል። አያስታውኩት፤ ወተትም አያጠጡት፤ ድብታ የያዘው ልጅ ወደ ሳንባው ሊስበው ይችላል። ማሸጊያውን ይዘው ወደ ጤና ተቋም ይሩጡ፤ ስንት ክኒን እንደጎደለ ይቁጠሩና ለሐኪሙ ይንገሩ።

መድኃኒቱ ያልጠበቁትን ነገር ካመጣብዎት ወይም ማሸጊያው ካጠራጠረዎት ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ ስልክ 8482 ይደውሉ። ሲደውሉ የመድኃኒቱን ስም፣ የስብስብ ቁጥሩን፣ የገዙበትን ቦታና ቀኑን ይያዙ፤ የተጠራጠሩትን ክኒን ወይም ሽሮፕም አይጣሉት፤ ለማሳያ ያቆዩት።